በጋሼ ቀብር ላይ «እታለም» ብዬ ጮኽሁ

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። የ38 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ዘጌ ነው፤ የምኖረውና የምሠራው አዲስ አበባ። እናቴ በሕፃንነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ «እታለም» እላት ነበር። እታለም ያረፈችው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ፣ ባሕር ዳር በተዘጋችበት ሰሞን ነው። ወንድሟ፣ «ጋሼ» የምላቸው አጎቴ፣ ስልክ ደውለው «አትምጪ፣ መንገድ የለም፤ እኔ አለሁ» አሉኝ። ቤቴ ተቀምጬ ብቻዬን አለቀስሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ሥራ፣ አንድ ጊዜ የመንገዱ ሁኔታ እየከለከለኝ መቃብሯን ሳላይ ዓመታት አለፉ።

ባለፈው ወር ጋሼ ራሳቸው ሞቱ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በባሕር ዳርና በዘጌ መካከል ጀልባ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። መርዶውን በሌሊት ሰምቼ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስ የማስበው እሳቸውን ነበር። የዓባይ በረሃን ቁልቁለት ስንጀምር አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከቦርሳቸው ሎሚ አውጥተው «እንኪ ልጄ፣ አሽትቺው፣ ማቅለሽለሹን ይይዝልሻል» አሉኝ። እታለም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ስታደርሰኝ፣ ገና በአሮጌው ድልድይ በምንሻገርበት ዘመን፣ ከጓሯችን የቆረጠችውን ሎሚ በዚሁ ቁልቁለት አፍንጫዬ ሥር ይዛልኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ጋሼ ከሐሳቤ ወጡ። ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስን፣ እንጅባራን ያለፍሁት እታለምን እያሰብሁ ነው።

በማግስቱ አስከሬኑን በጀልባ ወደ ዘጌ ስንወስድም ያው ነበርሁ። ሬሳው ወደ መቃብር ሲወርድ፣ አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ፣ ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ «እታለም! እታለም!» ብዬ ጮኽሁ። የጋሼ ልጅ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እኅቴ የምላት፣ ዞር ብላ አየችኝ። ማታ ድንኳኑ ውስጥ ሰው እየሰማ «የአባቴን ቀብር የእታለም ለቅሶ አደረግሽው። ለመሆኑ እሷ ስትሞት የት ነበርሽ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። በነጋታው ሣልስቱን ሳልጠብቅ፣ የእታለምን መቃብርም ሳላይ፣ አፍሬ ተመለስሁ።

አሁን የጋሼ አርባ ደርሷል። ልሂድ ወይስ ልቅር? በእሳቸው ላይ በደል ሠርቻለሁ? በቀብራቸው ላይ ያፈሰስሁት እንባ የእሳቸው ካልነበረ ሐሰት ነው? ጥቁር ልብሴን ሳይ እንኳ ለማን እንደለበስሁት ግራ ይገባኛል፤ ላውልቀው ወይስ ልቆይበት?

የዘጌዋ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እኅቴ፣

ሂጂ። አርባው ቅርብ ስለሆነ ይህን አስቀድሜ ነገርሁሽ። እንዲያውም ከቻልሽ ሁለት ቀን ቀድመሽ ድረሺ፤ ለምን እንደምልሽ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

በጋሼ ላይ በደል ሠርቻለሁ ወይ ብለሻል። አልሠራሽም። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ ብቻ አይደለም። የሆነውን ነገር ከመነሻው ብናየው ሌላ ሊሆን አይችልም ነበር።

በእኛ አገር ሐዘንተኛ ለብቻው አይተውም። መርዶ ነጋሪዎች ሌሊቱ ሳይነጋ ተሰብስበው ይመጣሉ፤ በርከት የሚሉትም የሚወድቀውን የሚደግፍ ስለሚያስፈልግ ነው። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ አግዳሚ ወንበር ይደረድራል። ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ቡና ያፈላል። ለቀስተኛው ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይወጣል፣ ቦታውን ሌላው ይይዛል። ቤተ ክርስቲያንም ከፍትሐቱ ጀምራ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛው፣ በ80ኛው ቀን፣ ከዚያም በመንፈቅና በሙት ዓመት ሟቹን በስሙ ታነሣዋለች። ሐዘንተኛው በዚህ ሁሉ እየተደገፈ ነው ዓመቱን የሚሻገረው፤ በራሱ ጉልበት የሚችለው ጥቂት ሰው ነው።

እታለም ስትሞት ከዚህ ውስጥ ለአንቺ የደረሰሽ አንድም ነገር የለም። በሽታው ወደ አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ወሩ ሳያልቅ ባሕር ዳር ከጥቂት የክልሉ ከተሞች ጋር ለ14 ቀናት ተዘጋች። ቀጥሎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣና ሰው መሰብሰብ ተከለከለ። በዚያ ወቅት ሰው የሞተበት ቤተሰብ ሁሉ ምን እንደሆነ አገር ያውቃል። እናት ያለ ለቀስተኛ ተቀበረች፣ ልጅ በስልክ መርዶ ሰማ፣ ጎረቤት ከአጥር ውጭ ቆሞ አለቀሰ። በሽታው ሲያልፍ ሰዉ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ያልተለቀሰው ለቅሶ ግን ተመልሶ አልተለቀሰም። ድንኳን ያልተተከለላቸውን ሙታን እንደገና ጠርተን በወግ በማዕረግ አላዘንንላቸውም። ይህ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ነገር ነው፤ ደብዳቤሽን ሳነብ እንዳንቺ ያሉ ስንት ሰዎች እንዳሉ አሰብሁ።

የጋሼ ድንኳን እንግዲህ ከእታለም ሞት በኋላ በቤተሰብሽ መካከል ሐዘንተኛ ሆነሽ የተቀመጥሽበት የመጀመሪያው ድንኳን ነው። ያሳደገችሽን ሴት በዚያ ባታለቅሺ ነበር የሚገርመኝ።

መንገዱ ደግሞ አለ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐዘንተኛ እቤቱ ቢሆን እጁ ሥራ አያጣም፣ ዓይኑም የሚያየው ሰው አያጣም። አውቶቡስ ውስጥ ግን ቀኑን ሙሉ መስኮት ይዞ ከመቀመጥ ሌላ የሚያደርገው የለም። ወደ ቀብር የሚደረግ ጉዞ የሚከብደው በርቀቱ አይመስለኝም፤ ከሐሳብ የሚያስጥል ነገር ስለሌለው ነው። በዚያ ላይ የዓባይ በረሃ። መንገዱ ከጎሃ ጽዮን ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ ድልድዩን ይሻገራል፣ መልሶ ወደ ደጀን ይወጣል። ብርዱ በሙቀት ይለወጣል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ሆድ ይገለበጣል። ጎጃም ተወልዶ ወደ ሸዋ የተሻገረ ሰው ከአገሩ የወጣው በዚያ በኩል ነው፤ ሲመለስም ያለፈው ሁሉ የሚጠብቀው እዚያው ነው።

ሎሚውን ለብቻው ላንሣው። ሽታ በአንጎላችን ውስጥ ትዝታንና ስሜትን ከሚይዙት ክፍሎች ጋር ከማየትና ከመስማት ይልቅ በቀጥታ የተያያዘ ነው። ከሽታ ጋር የሚመጣ ትዝታ «ይለፈኝ» ተብሎ የማይመለሰው ለዚህ ነው። አንቺ ደግሞ የዘጌ ልጅ ነሽ። አቡነ በትረ ማርያም አውግዘውታል በሚባለው ጥንታዊ ሥርዓት በሬ በማይጠመድበት፣ ከብት በማይረባበት አገር፣ ሰዉ የሚኖረው በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ነው። ለሌላው መንገደኛ የሆድ መድኃኒት የሆነው ሎሚ ለአንቺ የእታለም ጓሮ ነበር። እኒያ ደግ እናት ይህን አላወቁም፤ ቢያውቁ ኖሮ አብረውሽ ያለቅሱ ነበር።

አሁን ወደ ጩኸትሽ ልምጣ። የእኛ ለቅሶ ለአንድ ሟች ብቻ ሆኖ አያውቅም። ሙሾ የምታወርድ ሴት የሟቹን ወላጆች ታነሣለች፣ ቀድመው የሄዱትን ወንድም እኅቶች በየስማቸው ትጠራለች፤ «እገሊትን ስታገኛት እንዲህ በላት» እያለች በአዲሱ ሟች በኩል ለቀደሙት መልእክት የምትልክም አለች። ለቀስተኛውም ያለፈው ዓመት ሐዘኑ፣ ያለፈው አሥር ዓመት ሐዘኑ ይቀሰቀስበታል፤ ማንም አይፈርድበትም። ጋሼና እታለም ደግሞ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በወንድም መቃብር ላይ የእኅትን ስም መጥራት ከወጉ አልወጣም።

እንባዬ ሐሰት ነው ወይ ላልሽውም መልሱ ራስሽ በጻፍሽው ውስጥ አለ። ጋሼ ያን ጊዜ ደውለው «እኔ አለሁ» ብለውሻል። ይህ ትንሽ ቃል አይደለም። አንቺ በሌለሽበት ቀብር በአንቺ ቦታ ቆሙ ማለት ነው። አፈር የመለሱት እሳቸው፣ ለካህናቱ የተናገሩት እሳቸው፣ የልጅነት ድርሻሽን የተወጡልሽ እሳቸው ናቸው። ሲሞቱ በአንቺ ስም የእታለምን ቀብር የቆመው ሰው ሞተ። ያን ቀን በመቃብሩ አፋፍ ላይ የጮኽሽው ለእሷም ለእሳቸውም ነው፤ ከአፍሽ የወጣው ስም አንድ ስለሆነ ሌላኛው አልተለቀሰለትም ማለት አይደለም። ጋሼ በሕይወት ሳሉ ስለዚያ ቀን አንድ ጊዜ እንኳ ተቀምጣችሁ ብትነጋገሩ እንዴት ደግ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ እሱም ሣልስቱን ሳትጠብቂ መመለስሽ። ድንኳን ውስጥ የሚወጣ ቃል ብዙ ጊዜ እዚያው ድንኳን ውስጥ ይታረቃል። ሌሊቱን አብራችሁ ብታድሩ፣ ጠዋት አብራችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያን ብትሄዱ፣ ያ ንግግር ይህን ያህል ባልከረመ ነበር። አንቺ ስትሄጂ ግን የጋሼ ልጅ ከአባቷ ሐዘን ላይ የአንቺን መሄድ ጨመረችበት፤ አንቺም ከእታለም ሐዘን ላይ ኀፍረትን ጨመርሽበት።

ስለ እሷ ጥቂት ላስብ፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ስትቆጣ ብቻ ነው ያየኋት። አባቷን እየቀበረች ነበር። ልጅ የአባቷ ሬሳ ሲወርድ ሌላ ስም ስትሰማ የምትሰማው አባቷ እንደተረሳ ነው። ሙሾ እንዴት እንደሚወርድ፣ ወግ ምን እንደሚል በዚያች ሰዓት አታሰላስልም። ስለዚህ ወጉ ከአንቺ ጋር ቢሆንም ቁስሏ እውነተኛ ነውና ይቅርታ ትጠይቂያታለሽ። ስለ ማልቀስሽ ሳይሆን ስላመማት።

ሁለተኛው ነገር የተናገረችው ቃል ነው። «እሷ ስትሞት የት ነበርሽ?» ያለችሽን አንቺ እንደ ክስ ሰምተሽዋል፤ ክስም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሌላም ነገር ይሰማኛል። ባሕር ዳር ስትዘጋ እሷ እዚያው ነበረች። እታለምን ሲገንዙ ያየች፣ ያለ ሰው ሲቀብሯት የቆመች፣ ጋሼን ባዶ ቤት ይዛ የገባች እሷ ትሆናለች። እኅቴ የምትላት አንቺ አጠገቧ አልነበርሽም። ጥፋቱ የአንቺ አይደለም፤ መንገድ አልነበረም። ሰው ግን መንገድ እንደሌለ እያወቀም የቀረውን ሰው ይቀየማል። ያን ቀን ማን ጠየቃት? እኔ እንደምገምተው ማንም።

ሁለት ቀን ቀድመሽ ድረሺ ያልሁሽ ስለዚህ ነው። አርባው ዕለት ጠበል ጻዲቁ፣ ካህናቱ፣ እንግዳው ሲበዛ ሁለት ሰው ተቀምጦ የልቡን መነጋገር አይችልም። ቀድሞ የደረሰ ሰው እንጀራ ይጋግራል፣ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ዕቃ ከዕድር ያመላልሳል። የከረረ ነገር ፊት ለፊት ተቀምጠው ከሚያወጡት ይልቅ ጎን ለጎን እየሠሩ ቢያወጡት ይቀላል። ገና ከመነሣትሽ በፊት ግን ደውይላት። ረጅም አትናገሪ። «እየመጣሁ ነው፤ የሚሠራ ነገር አትያዢልኝ፣ እኔ እደርሳለሁ፤ ያን ቀን ስላሳመምሁሽ ይቅር በይኝ» በቂ ነው። ስለ ሎሚው፣ ስለ ዓባይ በረሃ፣ ስለ እንባሽ በስልክ አትተርኪላት። ማብራሪያ የምትሰማበት ጊዜ ገና ነው። «እሺ» ብላ ብትዘጋብሽም አትከፊ፤ ሂጂ።

ባሕር ዳር ስትደርሺ ወደ ዘጌ በየብስ አትሂጂ፣ በጀልባ ተሻገሪ፤ በጠዋት ይሁን፣ ከሰዓት በኋላ ጣና ነፋስ ይነሣበታል። ከባሕር ዳር ወደብ ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ በዚህ ሰዓት ሥራ አለሽ። ጋሼ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በዚያ ውሃ ላይ ነው። ወደቡ ላይ አብረዋቸው የሠሩ ጀልባ ነጂዎች አሉ፤ የማን ቤተሰብ እንደሆንሽ ንገሪያቸውና ጠይቂያቸው። ማዕበል ሲነሣ ምን ያደርጉ ነበር? ገንዘብ ያጣ ተሳፋሪ ሲመጣ ምን ይሉ ነበር? ለቅዳሜ ገበያ ቡናና ጌሾ ጭነው የሚመጡትን ሴቶች እንዴት ያስተናግዱ ነበር? ስታድጊ ከጋሼ ጋር ብዙ የተነጋገርሽ አይመስለኝም፤ ስለ እሳቸው በደብዳቤሽ የጻፍሽው ከሁለት ዐረፍተ ነገር አይበልጥም። እታለም አሳድጋሻለችና ትዝታዋ ራሱ ይመጣልሻል። የጋሼን ግን ሄደሽ መሰብሰብ አለብሽ። የሰበሰብሽውን ለልጃቸው ወስደሽ ስጫት። አባቷ በሰው አፍ ሲነሣ መስማት የምትፈልግ ይመስለኛል፤ ከአንቺ መስማቷ ደግሞ ድንኳን ውስጥ ያለችሽን ቃል ከማንኛውም ይቅርታ በላይ ያለዝበዋል።

ከዚያ በኋላ፣ አርባው ካለፈ፣ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ፣ ጠይቂያት፤ «እታለም እንዴት እንደተቀበረች ንገሪኝ»። ከጋሼ ሞት በኋላ ይህን ሊነግርሽ የሚችል ሰው ማን ቀረ? የተቆጣችሽ ሴት ያላየሽውን ቀብር አይታልሻለች። ማን እንደገነዛት፣ ምን እንደተነበበ፣ ስንት ሰው እንደቆመ፣ ዝናብ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ ንገሪኝ በያት። ምናልባት እሷም እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገረችው ይሆናል። ያን ጊዜ የምታለቅሱት ሁለታችሁም ናችሁ፤ ለማን እንደሆነም የሚጠይቃችሁ አይኖርም።

ከእሷ ጋር ወደ እታለም መቃብር ሂዱ። አልሄድም ብትልሽ ከካህን ጋር ሂጂ። ጸሎት የሚደረገው በክርስትና ስም ነውና የእታለምን የክርስትና ስም አስቀድመሽ ያዢ። ስንት ሰው ያሳደገችውን እናት የክርስትና ስም ሳያውቅ መቃብር ላይ ቆሞ ሲደናገር ይታያል። የንስሐ አባቷ ወይም የቤተሰቡ ሽማግሌ ያውቁታል። በአርባው ዕለትም ስሟ ከወንድሟ ስም ጋር እንዲነሣ ካህናቱን መጠየቅ ይቻላል፤ ይህን ግን የጋሼ ልጅ ካልፈቀደች አታድርጊው። ዕለቱ የአባቷ ነው። ካልፈቀደች የእታለምን በሌላ ቀን በራስሽ ወጪ አስደርጊ፤ የዘገየ ጸሎት አይመለስም።

ሰዎች «በቃ፣ ይህን ያህል ዓመት ያለፈው ሞት አሁን ምን ያስለቅሳል፣ ክርስቲያን እንዲህ አያዝንም» ይሉሽ ይሆናል። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ተስፋ እንደሌላቸው እንዳያዝኑ ጻፈላቸው እንጂ እንዳያዝኑ አልከለከላቸውም። ጌታም በአልዓዛር መቃብር ላይ አልቅሷል፤ ሊያስነሣው መሆኑን እያወቀ። ዝም የሚያሰኙሽን በትሕትና ስሚያቸውና እለፊያቸው።

ስለ መንገዱ ከልቤ የማስጠነቅቅሽ ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገዱ የሚዘጋበት፣ ተሳፋሪ የሚጉላላበት ጊዜ አለ። ከመነሣትሽ በፊት ከባሕር ዳር ሰው ደውለሽ ጠይቂ። አቅምሽ ከፈቀደ ከቦሌ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። አንድ ነገር ግን ቃል ግቢልኝ፤ መንገዱ ቢዘጋና መድረስ ባትችይ እታለምን ሁለተኛ ጊዜ እንደተውሻት አትቁጠሪው። ያኔም አልተውሻትም። ለአርባው የሚሆነውን ላኪ፣ በዕለቱ ቤተ ክርስቲያን ሂጂና የሁለቱንም ስም አስጠሪ፣ ማታ ለጋሼ ልጅ ደውለሽ ዕለቱ እንዴት እንደዋለ በዝርዝር አስወሪያት። በስልክ የተነገረሽ መርዶ ጎዳሽ፤ በስልክ የሚደረግ ወሬ ግን ሊጠግን ይችላል።

በአውቶቡስ ከሄድሽ ደግሞ ዓባይ በረሃ ላይ ራስሽን አትከልክይ። እስከዚያ ስለ ጋሼ ብቻ ላስብ ብለሽ አትታገይ፣ ሲመጣም አትሸሺው። ከጎንሽ ላለው ሰው ወደ አጎትሽ አርባ እየሄድሽ እንደሆነ ንገሪው፤ መንገደኛ ሐዘንተኛን ያከብራል፣ ቢያንስ ውሃ ያቀብልሻል። ቢቻልሽ ከአዲስ አበባ ዘመድ ይዘሽ ሂጂ። ባለፈው ጊዜ ብቻሽን መሄድሽ ራሱ ከበደብኝ።

የቀረው የጥቁሩ ልብስ ጥያቄ ነው። ለሁለቱም ነው የለበስሽው፤ ለእታለም በጊዜው እንደ ወጉ ስላልለበስሽላት ቢዘገይም አልከፋም። ለአርባው ለብሰሽው ሂጂ፣ ነጠላሽንም አዘቅዝቂ። ማውለቂያውን ግን ብቻሽን አትወስኚ። አንዳንዱ ቤተሰብ በአርባ፣ አንዳንዱ በሰማንያ፣ አንዳንዱ በሙት ዓመት ያወልቃል። የጋሼን ልጅ ቀኑን ጠይቂያትና አብራችሁ አውልቁ።